ክፍያ የሌለው ትምህርት ምን ያስከፍላል? የጀርመን ዩኒቨርሲቲና የውጭ አገር ተማሪ

ትምህርቱ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

ጀርመን የራሳቸው መንግሥትና ፓርላማ ያላቸው 16 ክልሎች አሏት። ከፍተኛ ትምህርት በዋናነት የክልሎቹ ሥልጣን ነው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በአብዛኛው የሚተዳደሩት ክልሎቹ ከግብር በሚመድቡላቸው በጀት ነው። በ2005 (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ክፍያን የሚከለክለውን የፌዴራል ሕግ ሻረ። ከዚያ በኋላ ሰባት ክልሎች በሴሚስተር (በትምህርት ዘመኑ ግማሽ) እስከ 500 ዩሮ ማስከፈል ጀመሩ። ተማሪዎች የተቃውሞ ሰልፍ ወጡ፤ ጉዳዩ የምርጫ መከራከሪያ ሆነ፤ ክልሎቹም ክፍያውን አንድ በአንድ አነሱት። የመጨረሻዋ ኒደርዛክሰን በ2014 አስቀረችው። ከውሳኔው በስተጀርባ ያለው እምነት፣ የተማረ ሰው ጥቅሙ ለአገር ስለሆነ ወጪውንም አገር ይሸከመው የሚል ነው። የውጭ አገር ተማሪም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ይጠቃለላል።

ነገር ግን ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ሽቱትጋርት፣ ሃይደልበርግና ቱቢንገን የሚገኙበት የባደን-ቩርተምበርግ ክልል ከ2017 የክረምት ሴሚስተር ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 ወዲህ እንደ ትምህርቱ ዓይነት በሴሚስተር ከ2,000 እስከ 6,000 ዩሮ ያስከፍላል። የግል ዩኒቨርሲቲዎች ዋጋ ደግሞ ለብቻው ነው። ክፍያ በሌለበትም ቢሆን ለተማሪዎች አገልግሎትና በብዙ ቦታ ለትራንስፖርት የሚውል የሴሚስተር መዋጮ አለ።

ክፍያ የለም ማለት በሩ ሰፊ ነው ማለት አይደለም። ውድ በሆኑ አገሮች ተማሪን የሚያጣራው ገንዘብ ነው፤ በጀርመን የማጣራቱን ሥራ የሚሠሩት ማስረጃና ፈተና ናቸው። ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ሥርዓት ሁሉ የሚገባው ይህ ሲታወቅ ነው።

ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ መግባት ይቻላል?

የጀርመን ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው «አቢቱር» በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ነው። ከሌላ አገር የመጣ የትምህርት ማስረጃ ከአቢቱር ጋር ይነጻጸራል። የኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን እኩል ሆኖ አይቆጠርም። እንዲህ ያለው ተማሪ መጀመሪያ «ሽቱዲየንኮሌግ» (ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ፣ በተለምዶ የሁለት ሴሚስተር ትምህርት) ገብቶ በመጨረሻው የብቃት ፈተና ማለፍ ይኖርበታል። ትምህርቱ በዘርፍ የተከፈለ ነው፤ ወደ ሕክምና የሚያመራና ወደ ኢንጂነሪንግ የሚያመራ ተማሪ አንድ ክፍል አይቀመጡም። የመጀመሪያ ዲግሪውን አገር ቤት ጨርሶ ለማስተርስ የሚያመለክት ሰው መንገዱ አጭር ነው፤ የሚታየው የዲግሪው ይዘት፣ ውጤቱና የቋንቋ ችሎታው ነው።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር ማስረጃን ራሳቸው አይመረምሩም፤ ሥራውን በርሊን ለሚገኘው «ኡኒ-አሲስት» ለተባለ የጋራ ድርጅት ሰጥተዋል። ድርጅቱ ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ በዚያው ሴሚስተር ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 30 ዩሮ ያስከፍላል። የተለመደው የማመልከቻ መዝጊያ ለክረምት ሴሚስተር ሐምሌ 8፣ ለበጋ ሴሚስተር ጥር 7 ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች ግን ወራት ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ትራንስክሪፕት ለማውጣት፣ ለማረጋገጥና ለማስተርጎም የሚጠፋው ጊዜ ከዚህ ላይ ሲደመር፣ ዝግጅቱ ከመዝጊያው አንድ ዓመት አስቀድሞ ቢጀመር የበዛ አይሆንም።

3.4 እንዴት 1.9 ይሆናል?

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች 4.0 የሁሉ የበላይ ውጤት ነው፤ በጀርመን 4.0 ለጥቂት ከመውደቅ የዳነ ተማሪ ውጤት ነው። እዚያ ምርጡ 1.0 ሲሆን 5.0 መውደቅ ነው። ሁለቱን መለኪያዎች ለማገናኘት የሚያገለግለው ስሌት የባቫሪያ ቀመር ይባላል። ከከፍተኛው ውጤት ላይ ተማሪው ያገኘው ይቀነሳል፤ ከከፍተኛው ላይ ዝቅተኛው የማለፊያ ውጤት ይቀነሳል፤ የመጀመሪያው ልዩነት ለሁለተኛው ተካፍሎ በ3 ይባዛል፤ በመጨረሻ 1 ይደመርበታል።

ጂፒኤው 3.4 የሆነ ተመራቂን እንውሰድ። ከ4.0 ላይ 3.4 ሲቀነስ 0.6 ይቀራል። የማለፊያው ነጥብ 2.0 ስለሆነ ከ4.0 ላይ 2.0 ሲቀነስ 2.0 ነው። 0.6 ለ2.0 ሲካፈል 0.3፣ በ3 ሲባዛ 0.9፣ 1 ሲደመር 1.9 ይሆናል፤ በጀርመን ይህ «ጥሩ» የሚባል ደረጃ ነው። በዚሁ ስሌት 3.0 ወደ 2.5 ይለወጣል፤ 2.8 ደግሞ ተመልሶ ያው 2.8 ይመጣል። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች 2.5 ወይም የተሻለ ውጤት ስለሚጠይቁ፣ በኢትዮጵያ መለኪያ 3.0 ወሳኝ መስመር ሆኖ ይገኛል። ይህን ሳያሰሉ አምስትና ስድስት ቦታ ማመልከት ገንዘብንም ተስፋንም ያባክናል።

የታገደው ሒሳብ ምንድን ነው?

የታገደ ሒሳብ (በጀርመንኛ «ሽፔርኮንቶ») ባለቤቱ ያስቀመጠውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማውጣት የማይችልበት፣ በየወሩ የተወሰነ መጠን ብቻ የሚለቅ የባንክ ሒሳብ ነው። ለተማሪ ቪዛ የሚያመለክት ሰው ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዚህ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የጀርመን መንግሥት ለችግረኛ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማ («ባፎግ») ጣሪያው ከ2024 ጀምሮ በወር 992 ዩሮ ነው፤ ይህ በ12 ሲባዛ 11,904 ይሆናል። ድጎማው ሲጨምር የታገደው መጠንም ተከትሎ ይጨምራል። ገንዘቡ የተማሪው ነው፤ ለመንግሥት የሚከፈል አይደለም። ሕጉ ማረጋገጥ የሚፈልገው ተማሪው ከመጣ በኋላ የሚበላው አጥቶ ትምህርቱን እንዳይተው ወይም በማኅበራዊ እርዳታ ላይ እንዳይወድቅ ነው።

ምክንያቱ ቢገባም ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከባዱ ደጃፍ ይህ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። ዩሮውም አብሮ ወጣ። በዩሮ ያልተለወጠው 11,904 በብር ሲታሰብ እጥፍ ገደማ ሆነ። በዚያ ዓመት ልጁን ለመላክ በብር ሲቆጥብ የነበረ ቤተሰብ፣ ያጠራቀመው ሳይነካ የመንገዱን ግማሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር።

ከታገደ ሒሳብ ሌላ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጀርመን የሚኖር ሰው በውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ቀርቦ የተማሪውን ወጪ እንደሚሸፍን የሚፈርመው የግዴታ ሰነድ ነው። ይህ ፊርማ እንደ ወዳጅነት ደብዳቤ መታየት የለበትም። ተማሪው የመንግሥት እርዳታ ቢወስድ ዕዳው በፈራሚው ላይ ይመጣል፤ ለአክስት ልጅ ወይም ለጎረቤት ልጅ የሚፈርም ዘመድ ይህን አውቆ መፈረም አለበት፣ የሚጠይቀውም ቤተሰብ ነገሩን ሳይሸሽግ መጠየቅ ይገባዋል። ሁለተኛው የነጻ ትምህርት ዕድል (ስኮላርሺፕ) ነው። በ1925 የተመሠረተው የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት («ዳአድ») ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች የሚሰጠው የማስተርስ ድጋፍ ብዙውን ጊዜ ከምረቃ በኋላ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በማግሥቱ የሚያመለክት ሰው ውጤቱ የቱንም ያህል ከፍ ቢል አብዛኛውን ጊዜ አያልፍም።

በእንግሊዝኛ መማር ከተቻለ ጀርመንኛ ምን ያደርጋል?

በማስተርስ ደረጃ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሰጡ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ። በመጀመሪያ ዲግሪ ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የሚያስተምሩት በጀርመንኛ ነው። የቋንቋ ደረጃዎች ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ2 (እንደ አፍ መፍቻ) የሚዘልቁ ሲሆን፣ በጀርመንኛ ለሚሰጥ ትምህርት የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ሲ1 ነው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የጎተ ተቋም ከ1962 ጀምሮ ቋንቋውን ያስተምራል።

በጀርመንኛና በአማርኛ መካከል ያለው ግንኙነት የዛሬ አይደለም። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ጎታ ወደምትባል የጀርመን ከተማ ሄደው፣ በሮም ለተዋወቁት ለሂዮብ ሉዶልፍ ስለ አገራቸው፣ ስለ ግእዝና ስለ አማርኛ አስረድተውታል። ሉዶልፍ በ1698 በፍራንክፈርት ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው የዚያ ትውውቅ ፍሬ ነው። ዛሬ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል በሉዶልፍ ስም ይጠራል፤ የአስተማሪው የአባ ጎርጎርዮስ ስምም ከእሱ እኩል መታወስ የሚገባው ነው።

በእንግሊዝኛ የሚማር ሰው በክፍል ውስጥ ያለ ጀርመንኛ ይዘልቃል። የቤት ኪራይ ውል፣ የኢንሹራንስ ደብዳቤ፣ የሐኪም ቤት ቀጠሮና የሥራ ማስታወቂያ ግን በጀርመንኛ ይመጣሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በወረቀት የሚሞሉት ለምንድን ነው?

ኤምባሲው የሚሰጠው ቪዛ ለመግቢያ የሚያገለግልና ለጥቂት ወራት ብቻ የሚቆይ ነው፤ ትምህርቱን እስከ መጨረሻ የሚያስኬደው እዚያው ጀርመን ውስጥ የሚወጣው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ወደዚያ ለመድረስ አንዱ ወረቀት ሌላውን ይጠብቃል። መጀመሪያ ቤት ይገኛል፤ ተማሪው በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ አከራዩ የፈረመውን ማረጋገጫ ይዞ አድራሻውን በከተማው ጽሕፈት ቤት ያስመዘግባል («አንሜልዱንግ»)። ከምዝገባው በኋላ የግብር መለያ ቁጥር በፖስታ ይመጣል። የባንክ ሒሳብ ሲከፈት የታገደው ገንዘብ በየወሩ መለቀቅ ይጀምራል። የጤና መድን ከሌለ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን አይመዘግብም።

የሰንሰለቱ ደካማ ቀለበት ቤት ነው። የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት የሚያስተዳድራቸው ዶርሞች ርካሽ ቢሆኑም በትልልቅ ከተሞች ወረፋቸው ሴሚስተሮች ይፈጃል። ማመልከቻው የመቀበያ ደብዳቤው በደረሰበት ቀን መግባት አለበት። በዘመድ ቤት ሶፋ ላይ የሚያድር ተማሪ የአከራይ ማረጋገጫ ካላገኘ መመዝገብ አይችልም፤ ካልተመዘገበም ቀሪው ሁሉ ይቆማል። ከምዝገባው ጥቂት ሳምንት በኋላ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ደብዳቤ ይደርሳል፦ ቴሌቪዥን ኖረም አልኖረም በእያንዳንዱ መኖሪያ ቤት የሚታሰበው፣ በወር 18.36 ዩሮ የሆነው የሕዝብ ብሮድካስት መዋጮ ነው። ማጭበርበሪያ መስሏቸው የሚጥሉት አሉ፤ ዕዳው ግን በቅጣት እየጨመረ ይቆያል። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች አንዱን መዋጮ ይካፈላሉ።

ማንም ስም የማይጠራበት ክፍል

በጀርመን የዩኒቨርሲቲ መርሐ ግብር ላይ ከ«10» ሰዓት አጠገብ «ሲ.ቴ.» የሚሉ ሁለት ፊደላት ሲታዩ፣ ትምህርቱ የሚጀምረው በ10 ሳይሆን በ10፡15 ነው ማለት ነው። ፊደላቱ ከላቲን የተወሰዱ ሲሆኑ፣ የድሮው ልማድ «የአካዳሚ ሩብ ሰዓት» ይባላል። ፕሮፌሰሩ ገብቶ 90 ደቂቃ ያስተምራል። ሲጨርስ ተማሪዎች አያጨበጭቡም፤ በጣት አንጓ ጠረጴዛውን ይመታሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ እንግዳ ተቃውሞ ሊመስለው ይችላል፤ ምስጋና ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን በብዙ ትምህርቶች ስም የሚጠራ፣ የቀረ የሚመዘግብ የለም። በየሳምንቱ ኩዊዝ፣ በሴሚስተሩ አጋማሽ ሚድ የለመደ ተማሪ ይህን ዝምታ እንደ እፎይታ ሊያየው ይችላል።

ዝምታው ምን እንደያዘ የሚያሳየው ሒሳቡ ነው። የትምህርት ጫና የሚለካው በአውሮፓ የጋራ ነጥብ («ኢሲቲኤስ») ሲሆን አንድ ነጥብ ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ይወክላል፤ የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ጫና 30 ነጥብ ነው። 5 ነጥብ ያለው ኮርስ በከፍተኛው ስሌት 150 ሰዓት ይጠይቃል። በሳምንት 4 ሰዓት ለ14 ሳምንት ክፍል ቢገባ 56 ሰዓት ነው። ቀሪው 94 ሰዓት ማንም ያልመደበው፣ ማንም የማይቆጣጠረው፣ ተማሪው ራሱ በቤተ መጻሕፍት የሚያውለው ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ ውጤቱ የሚወሰነው በመጨረሻው አንድ ፈተና ብቻ ስለሆነ፣ እነዚያ ሰዓታት መጥፋታቸው የሚታወቀው ከዘገየ በኋላ ነው።

ፈተናውም በራሱ አይመጣም፤ ተማሪው በቀነ ገደቡ ውስጥ መመዝገብ አለበት። ኮርሱን ሴሚስተሩን ሙሉ የተከታተለ ሰው ምዝገባውን ከረሳ አይፈተንም። ተመዝግቦ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ደግሞ እንደ ወደቀ ይቆጠራል፤ የታመመ የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ አለበት። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን ፈተና መሞከር የሚቻለው ሦስት ጊዜ ነው። ግዴታ በሆነ ኮርስ ሦስተኛው ሙከራ ከከሸፈ ተማሪው ከትምህርት ዘርፉ ይሰናበታል፤ ያንኑ ዘርፍ በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲም መቀጠል አይችልም። የመኖሪያ ፈቃዱ ከትምህርቱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ለውጭ አገር ተማሪ ጉዳቱ ድርብ ነው። በትምህርት ክፍያ መልክ ያልተከፈለው ዋጋ የሚጠየቀው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

የቆየ አስተዳደግም እዚህ ይፈተናል። መምህር ሲናገር ዝም ማለት አክብሮት እንደሆነ የተማረ ሰው፣ በሴሚናር (ተማሪዎች በጥቂት ቁጥር ተሰብስበው በሚወያዩበት ክፍል) ዝም ሲል አልተዘጋጀም ተብሎ ይገመታል። ፕሮፌሰሩን በማዕረግ መጥራትና በአንቱታ ማነጋገር ግድ ነው፤ በሐሳቡ ላይ ጥያቄ ማንሣት ግን ነውር አይደለም፣ ይጠበቃል። ለዚህም ፕሮፌሰሮች በየሳምንቱ የተወሰነ የመቀበያ ሰዓት ይይዛሉ። ከሁለተኛው ሙከራ በፊት በዚያ ሰዓት በር ማንኳኳት ከሦስተኛው በኋላ ደብዳቤ ከመጻፍ ይሻላል።

እየሠሩ መማር እስከ ምን ድረስ ይቻላል?

ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል፤ ግማሽ ቀን ማለት እስከ 4 ሰዓት ነው። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚሠራ የረዳትነት ሥራ ከዚህ አይቆጠርም። በ2025 ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 12.82 ዩሮ ነበር፤ በወር 80 ሰዓት የሚሠራ ተማሪ ከ1,000 ዩሮ በላይ ያገኛል ማለት ነው። በሌላ በኩል በትምህርት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ የሚሠራ ሰው ርካሹን የተማሪ ጤና መድን ሊያጣ ይችላል።

በስሌቱ ሥራው ኑሮን ይሸፍናል። ከላይ የታዩት 94 ሰዓታት ግን የሚወሰዱት ከዚሁ ጊዜ ነው። አገር ቤት ገንዘብ የመላክ ኃላፊነት ያለበት ተማሪ ተጨማሪ ፈረቃ ሲቀርብለት እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ይህ ሊናቅ የማይገባው እውነተኛ ጫና ነው። ለዚህም ነው የመጀመሪያው ሴሚስተር በታገደው ገንዘብ ብቻ ማለፉ፣ ሥራውም ፈተናዎቹ ምን እንደሚመስሉ ከታወቀ በኋላ መጀመሩ የሚመረጠው።

ከምረቃ በኋላ ምን ይከተላል?

የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ በሙያው ሥራ ለመፈለግ እስከ 18 ወር የሚቆይ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ማንኛውንም ሥራ እየሠራ ራሱን ማስተዳደር ይፈቀድለታል። ለዲግሪው የሚመጥን ሥራ ሲያገኝ ፈቃዱ ወደ ሥራ ፈቃድ ይለወጣል። ሕጉ የላላው የጀርመን ሕዝብ በዕድሜ እየገፋ ስለሆነና መሐንዲስ፣ ሐኪምና የኮምፒውተር ባለሙያ ስለሚፈለግ ነው። በመንግሥት ወጪ የተማረው ሰው ሠርቶ ግብር ሲከፍል የወጣበት ገንዘብ ይመለሳል።

በሙያው ሁለት ዓመት የሠራ ተመራቂ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ከሚቀርቡት ማስረጃዎች መካከል የ24 ወር የጡረታ መዋጮና የቢ1 ደረጃ ጀርመንኛ ይገኙበታል። ማስተርሱን ከመግቢያ እስከ መመረቂያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ የጨረሰ ሰው፣ አራትና አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ ጀማሪዎች በሚቀመጡበት የማታ የጀርመንኛ ክፍል ከሥራ መልስ የሚገኘው ለዚህ ነው።